መለኪያና መምህር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2020 ምሽት በስፔን ከተማ በቫሌንሲያ ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ለተሰንበት ግደይ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ሮጣ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ያስመዘገበችውን ሰዓት ከ4 ሰከንድ በላይ አሻሻለች። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ ከ2005 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ወሰደ። በዚያች ምሽት ከሯጮቹ ጋር አብሮ የሚሮጥ ሌላ ነገር ነበረ። በመሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች አስቀድሞ በተወሰነላቸው ፍጥነት እየተከታተሉ ይበራሉ። ሯጩ ከብርሃኑ ከቀደመ ከክብረ ወሰኑ ቀድሟል፤ ብርሃኑ ካመለጠው ክብረ ወሰኑም አመለጠው ማለት ነው። ማስላት አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይህ ማጭበርበር አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ማጭበርበር እንኳ አይባልም። መብራቱ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ በአንድ መም ላይ ላለ ሯጭ ሁሉ እኩል ይታያል፤ የማንንም እግር አያፈጥንም፣ የማንንም ሳንባ አያሰፋም። ከመብራቱ በፊትም ቢሆን አሯሯጭ ነበረ፤ ከመሙ ዳር ሰዓት ይዞ የሚጮህ አሠልጣኝም ነበረ። ይልቅስ ሊያሳስበን የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ መሣሪያ ሯጩ ሊያውቀው የሚገባውን ሲያውቅለት፣ ሯጩ ተማረ ወይስ ከመማር ተገላገለ?

ጥያቄው በመብራቱ አልተጀመረም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ቮልደማር ጌርሽለር የተባለ ጀርመናዊ አሠልጣኝ ሄርበርት ራይንዴል ከተባለ የልብ ሐኪም ጋር ሆኖ ልምምድን በልብ ምት መምራት ጀመረ። ሯጩ የልቡ ምት በደቂቃ 180 ያህል እስኪደርስ ይሮጣል፤ ከዚያ ያርፋል፤ ምቱ ወደ 120 ሲወርድ እንደገና ይነሣል። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ካልወረደ ጫናው በዝቷል ማለት ነው። የጌርሽለር ሠልጣኝ ሩዶልፍ ሃርቢግ በ1939 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። በዚያው ዘመን ስዊድናዊው ጎስታ ሆልመር ደግሞ ሯጮቹን ወደ ጫካ ይሰድ ነበር። ዘዴው «ፋርትሌክ» ይባላል፤ በአገሩ ቋንቋ የፍጥነት ጨዋታ ማለት ነው። ሯጩ ሲሻው ይፈተለካል፤ ሲሻው ያዘግማል፤ መቼ እንደሚፈጥን፣ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነው ራሱ ነው። አንደኛው አሠልጣኝ «ሰውነትህን ለካ» ሲል ሁለተኛው «ሰውነትህን አድምጥ» አለ። ሁለቱም ዘዴዎች ታላላቅ ሯጮችን አፍርተዋል። ዛሬም በአንድ ሳምንት ልምምድ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ስለዚህ መለካትና መማር የግድ ጠላቶች አይደሉም። ግንኙነታቸውን ለመረዳት ወደ ቅኔ ቤት ጎራ ማለት ይጠቅማል። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ልክ ይማራል፤ ልኩ የጎደለ ወይም የተረፈ ቅኔ ይመለስበታል። ነገር ግን ተማሪው ወደ መምህሩ ይዞ የሚቀርበው የራሱን አዲስ ቅኔ ነው። የመምህሩን ቅኔ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ቢወጣው፣ ጥሩ ትውስታ አለው ይባል ይሆናል እንጂ ተቀኘ አይባልም። መምህሩም የደከሙበትን ፍሬ አየሁ የሚሉት ተማሪው ያለ እርማታቸው መቆም በቻለ ቀን ነው። ደግ መምህር የሚሠራው አንድ ቀን እንዳይፈለግ ነው። መሣሪያ ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ የለውም። የሚሸጠው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እንዲፈለግለት ይመኛል።

በ1960 በሮም ኦሊምፒክ የሆነውን እናስታውስ። ኦኒ ኒስካነን ለአበበ ቢቂላ ሊጠነቀቀው የሚገባውን ተፎካካሪ ነግረውት ነበር፤ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም፣ ቁጥሩም 26። ራዲ ግን 185 ቁጥርን ለብሶ ቀረበ። እንደሚነገረው አበበ 26ን በዓይኑ እየፈለገ ሲገሰግስ፣ የሚፈልገው ሰው እዚያው ከጎኑ ነበር። የተሰጠው መረጃ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ የተሰጠው ትምህርት ግን አልከዳውም። ከጎኑ ያለው ማንም ይሁን ማን መታገሥን ያውቅ ነበርና፣ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ ከነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ አፈተለከ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞት ነበር። መለኪያው በተሳሳተ ጊዜ ሯጩ የሚተማመንበት ነገር ያስፈልገዋል፤ አበበም ነበረው። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ይኸው ነው የታየው። በኦሊምፒክ የፍጻሜ ውድድር አሯሯጭም ብርሃንም የለም። መቼ ልነሣ የሚለውን ሯጩ ለራሱ ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ባዶ እግርን ማምለክ እንዳይመስልብን። አበበ ራሱ በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸንፏል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን 138 ግራም በሚመዝን ጫማ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች፤ ያን ጊዜ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፣ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓትም በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ከ800 ሜትር ተነሥታ ማራቶን የደረሰች ሴት የዓመታት ድካም በጫማ ተሠራ ማለት ግፍ ነው። ጫማው ምንም አልጨመረም ማለትም ራስን ማታለል ነው። ያ ጫማ ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። በቆጂ ውስጥ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ሲያሠለጥኑ እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። የዛሬው የገጠር ልጅ ግን በተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን በጫማም ከሚበልጠው ጋር ይሰለፋል። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ የወሰነው ይህን ውድድር ልጓም ለማስያዝ ነው። በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው ኢትዮጵያዊ ሯጭ የጫማው ሶል ከዚያ አልፎ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል።

ከዋጋውም ይልቅ የሚከብደው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። አንዲት የ17 ዓመት ሠልጣኝ ጠዋት ተነሥታ «ጉልበቴን አሞኛል» ትላለች እንበል። በእጇ ላይ የታሰረው ሰዓት ደግሞ የልብ ምቷንና እንቅልፏን አስልቶ «ዝግጁ ነሽ» ይላል። አሠልጣኙ ማንን ይመን? ሰዓቱን አምኖ ቢያስሮጣትና ብትጎዳ ማን ይጠየቃል? መሣሪያ ይለካል እንጂ አይጠየቅም። አሠልጣኙ «ቁጥሩ ነው ያለው» ብሎ ከተሸሸገ፣ ልጅቱ የሚሟገትላት ሰው አጣች ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ ተገላቢጦሽም አለው። ቁጡና ግትር አሠልጣኝ «ሰነፍ ነሽ» ብሎ ሲጮህ፣ የልብ ምት መለኪያው «ደክማለች» ብሎ ሊመሰክርላት ይችላል። ከሰው ጭካኔ በቁጥር የዳነ ሠልጣኝ ቢኖር አያስገርምም። መሣሪያው በዚህ ጊዜ የተማሪው ወዳጅ ነው፤ ሊናገር ያልቻለውን ይናገርለታልና። ሆኖም ምስክሩን ሰምቶ «ዛሬ ዕረፊ» የሚለው፣ ለቃሉም የሚጠየቀው፣ አሁንም ሰው ነው።

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ዘዴ በመጣ ቁጥር አንድ ፈተና ልናቀርብለት እንችላለን። ሲነሣ ምን ይቀራል? ለተሰንበት ከቫሌንሲያው ምሽት አንድ ዓመት በኋላ፣ እዚያው ከተማ፣ ጠርዝና መብራት በሌለው ጎዳና ላይ የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗን ሮጣ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ፈጽማለች። መብራቱ ጠፍቶ ፍጥነቱ በእግሯ ውስጥ ቀርቷል። ሰዓቱ ከእጁ ሲፈታ ድካሙንና ብርታቱን መለየት የሚሳነው ወጣት ግን አሠልጣኝ ሳያገኝ ዓመታት አልፈውበታል፤ የዕድሜው አጭሩና ውዱ ዘመን፣ ሯጭ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን፣ ለቁጥር በመታዘዝ አልቋል። ልጆቻችንን ወደ ሜዳ ስንልክ አሠልጣኙ ምን መሣሪያ እንዳለው መጠየቃችን አይከፋም። መሣሪያው በሌለ ቀን ልጃችን ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ግን ይቀድማል።