ድገምልኝ

የጎረቤቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሬ ሥር ደብተሩን አቅፎ ይጠብቀኛል። ሒሳብ እናጠናለን። መልሱን ከመጻፉ በፊት ፊቴን ያያል። ቅንድቤ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ያሰበውን ይተወዋል። ላጲሱ ከእርሳሱ ቀድሞ ነው የሚያልቀው።

ያለፈው ሐሙስ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ኮድ ላይ ስታገል ውዬ ደክሞኛል። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አልኩት። «ሃምሳ አራት» አለ። «ኡፍ!» አልኩ። ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋና «እናቴ እየጠራችኝ ነው» ብሎ ወጣ። ማንም አልጠራውም። ማክሰኞ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ገና ላልገባው ልጅ «ጎበዝ ነህ፣ ትችላለህ» ማለት ውሸት ነው ወይስ ስጦታ? በእኔ ሙያ ፕሮግራም ይሠራል የሚባለው ተሞክሮ ሲሠራ ነው፤ በአይዞህ የሚነሳ ኮድ አላየሁም። ልጅ ላይ ሲሆን ግን ማስረጃው ሳይመጣ እንድናምን ይጠበቅብናል። ይሄ ሐቀኝነት ነው?

በ1968 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረጉትን ሙከራ በመጽሐፍ አወጡ። ለመምህራኑ «እነዚህ ልጆች በፈተናችን መሠረት በዚህ ዓመት በጣም ይሻሻላሉ» ብለው ስም ዝርዝር ሰጧቸው። ስሞቹ ግን በዕጣ የወጡ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉት «ዕጣ የወጣላቸው» ልጆች ከሌሎቹ በለጡ። ውጤቱ ተጋኗል ብለው የተከራከሩ ብዙ ናቸው፣ ክርክሩም ቀላል አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ልጆቹ ስለ ዝርዝሩ ምንም አልተነገራቸውም። «ጎበዝ» ብሎ የነገራቸውም የለም። የተለወጠው የመምህሩ ዓይን ነው።

ሲነገራቸውስ? ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከአምስተኛ ክፍል ልጆች አንዳንዶቹን «ብልህ ነህ»፣ ሌሎቹን «በርትተህ ሠርተሃል» ብለው አመሰገኑ። ብልህ የተባሉት ከዚያ በኋላ ቀላሉን ሥራ መምረጥ ጀመሩ። ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉም ጨምረው የጻፉ ብዙ ነበሩ። «ጎበዝ» የምትለዋ ቃል በእኛ ቤት ምን ያህል እንደምትረጭ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ትንሽ ያስደነግጣል። ጎበዝ የተባለ ልጅ የሚያጣው ነገር አለው። ላጲስ የሚያበዛው ለዚህ ሳይሆን ይቀራል?

እኔ ጎበዝ አልነበርኩም። ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ ደረጃ ከላይ ወደ ታች በስም ይጠራ ነበር፤ ስሜ እስኪደርስ ግማሹ ክፍል እየጨፈረ ወጥቶ ያልቃል። መንገድ ላይ ያገኘህ ትልቅ ሰው ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ይልሃል። ምን ተማርክ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ያኔ ሠፈራችን ገና አልፈረሰም፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት ላይ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ግቢ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እትዬ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። ቤይሩት ያለች ልጃቸው በሰው በሰው ደብዳቤ ትልክላቸዋለች፤ ሲደርሳቸው እኔን ይጠሩኛል። ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ የሰው እጅ ጽሑፍ አላውቅም፣ እንቀረቀራለሁ። እሳቸው ምጣዱን አክንባሎ ከድነው፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ይቀመጣሉ። «ድገምልኝ እስቲ የኔ ጌታ፣ እሱጋ አልሰማሁም» ይላሉ። ሰምተዋል እኮ። የተሳሳትኩት ቦታ ላይ ነው ሁልጊዜ ድገም የሚሉኝ፤ ትርጉም ሲያጣባቸው ያውቃሉና። አንዴ «ታምሜ ነበር» የሚለውን «ታምኜ ነበር» ብዬ አነበብኩት። ደገምኩት። በሦስተኛው ገባኝ፣ እሳቸውም ገባቸው። ዝም አሉ። እንጀራው አረረ።

አንድም ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ግን የልጃቸውን ሕመም በእኔ አፍ ለመስማት ቁጭ ብለው ጠበቁ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የከበደ አደራ የሰጠኝ ሰው የለም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ከሁሉም ትልቅ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ሊጥ ከሚያውቁት ከእሳቸው ግን አልሰማሁም።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ትንሽ የፈታልኝ ይመስለኛል። እትዬ ስለ ችሎታዬ ምንም አላሉም፣ ስለዚህ አልዋሹም። ይሄ ልጅ ይችላል የሚል ማስረጃም አልነበራቸውም። መጠበቅን ነው የመረጡት። መጠበቅ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት አይባልም፤ ወይ ትጠብቃለህ ወይ «ኡፍ» ትላለህ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ሁሉ «የዘንድሮ ልጆች» እያለ ነበር። ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም፤ ኩረጃው ያሳፍር ነበር። ግን ያ «ኡፍ» ለልጆቹ ብቻ መድረሱ ያበሳጨኛል። አሥራ ሁለት ዓመት አጠገባቸው የነበርነው ትልልቆቹስ?

ሁሌም እንዲህ አልነበረም፣ ሁሉም ጋም እንዲህ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ጋሽ አስፋው የምሩ ገና የ14 ዓመት ተማሪ ሳሉ ነው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዛፍ ሥር የጎዳና ልጆችን ማስተማር የጀመሩት። ራሳቸውም በልጅነታቸው ጎዳና ያውቁታል። ከዚያች ዛፍ ሥር አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተነሳ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የዓለም የሕፃናት ሽልማት ተሰጣቸው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ልጅ አይገረፍም ነበር። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል፤ ስለ «ኡፍ» የሚለው ነገር የለም፣ ሊኖረውም አይችልም።

ትናንት ማታ ላፕቶፔን ይዤ ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ። እናቱ ቡና ልታፈላ ተነሳች፤ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ነው። «ሐሙስ ዕለት መቆጣት አልነበረብኝም» አልኩት። መልስ የለም። «አንድ ነገር እምቢ ብሎኛል፣ ና እስቲ እየው» ብዬ ስክሪኑን አዞርኩለት። ቀስ ብሎ መጣ።

«ይሄ ቀይ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ስህተት። የእኔ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከጠዋት ጀምሮ።»

ፊቴን አየ፤ ከዚያ ስክሪኑን፤ እንደገና ፊቴን። «እና ማንም አይቆጣህም?» አለኝ።