እንግዳው ምን ያህል ቢመስለን ይበቃናል?

እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ሊባኖሳዊ ወደ ጀርመን ገባ። ቋንቋውን ለመደ፤ በዚያው አገር ሕክምና አጥንቶም ሐኪም ሆነ። ዜግነት በጠየቀ ጊዜ ለአገሪቱ ሕገ መንግሥት ታማኝ እንደሚሆንና አክራሪነትን እንደሚያወግዝ ፈረመ። ለአመልካቾች የሚሰጠውን ፈተናም ከፍተኛውን ነጥብ አግኝቶ አለፈ። በ2015 የዜግነት ወረቀቱን ሊቀበል ሲቀርብ ግን ሴቷ ባለሥልጣን እጇን ዘረጋችለት፤ አልጨበጣትም። የሌላ ሴት እጅ ላይጨብጥ ለሚስቱ ቃል ገብቶ ነበርና። በዚህ ምክንያት ወረቀቱን ተከለከለ። የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በ2020 ክልከላውን አጸናው። ልብ በሉ፤ ዓለም በሙሉ ኮሮናን ፈርቶ መጨባበጥን በተወበት ዓመት!

እጅ መጨበጥ ቀላል ነገር ነው የሚል አይጠፋም። ቀላል ከሆነ ታዲያ የ13 ዓመት ድካም ስለምን ይሰረዝበታል? በዴንማርክማ ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ ዜግነት የሚቀበል ሁሉ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ባለሥልጣኑን እንዲጨብጥ በሕግ ተደነገገ።

«የአገሩን ቋንቋ ልመድ፣ ባህሉን ያዝ፣ እኩል ትሆናለህ» የሚለው ተስፋ ሁልጊዜ እንደማይፈጸም ሌላም ማስረጃ አለ። በ2009 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሁለት ምናባዊ ሴቶች ስም የሥራ ማመልከቻ ለብዙ ቀጣሪዎች ላኩ። ሁለቱም ዲዩፍ የሚባል የሴኔጋል የቤተሰብ ስም ያላቸው፣ በትምህርትም በችሎታም የማይበላለጡ ናቸው። ልዩነታቸው ሃይማኖታቸውን የሚጠቁመው ብቻ ነው፤ አንዷ ማሪ፣ ሌላዋ ኸዲጃ። ከ100 ማመልከቻ ማሪ 21 ጊዜ ያህል ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ፣ ኸዲጃ የተጠራችው 8 ጊዜ ያህል ነው።

የኛን አገር ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) እና ባልደረቦቻቸው በነጃሺ ፊት በቀረቡ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው አልሰገዱም። ለምን ተብለው ሲጠየቁም እኛ ከአላህ በስተቀር ለማንም አንሰግድም አሉ። ይህ ከእጅ መጨበጥ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የንጉሡን ክብር የሚነካ ነገር ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞችም ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ስጦታ ይዘው ቆመዋል። ንጉሡ ግን ጉዳያቸውን ሰማ፤ በደል እንደሌለባቸው ባወቀ ጊዜ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ጃዕፈርና አብረዋቸው የቀሩት እስከ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ በዚሁ ምድር ኖረዋል።

ይህን ስል ቋንቋ መማር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሑፍ የተማሩት በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ትዕዛዝ ነው። በሰው አገር እየኖረ የጎረቤቱን ቋንቋ ለመማር የሚሰንፍ ሙስሊም በሃይማኖቱ ማሳበብ አይችልም። ጥያቄው ቋንቋውን ያልለመደው፣ ወይም ለምዶም ያልመሰለን ሰው መብቱ ይጓደላል ወይ ነው። የቋንቋችንና የቀለማችን መለያየት የአላህ ምልክት መሆኑን ሱረቱ አር-ሩም በ22ኛው አንቀጽ ያስተምረናል፤ ምልክቱን በሰው ላይ እንደ ጉድለት መቁጠር እንዴት ይሆንልናል?

አውሮፓን መውቀስ ቀላል ነው። እህቶቻችን በሚሠሩባቸው የዐረብ አገሮችስ? ክርስቲያኖቹ ሳይቀሩ ለጉዞው ሲሉ የሙስሊም ስም አውጥተው ሄደዋል። ዐባያ ለብሰዋል፤ ዐረብኛውን በማዳሟ ወጥ ቤት ከባለቤቶቹ ልጆች አፍ ለምደዋል። ሙስሊሟ እህታችንም ከቤቱ ሰዎች ጋር ወደ አንድ ቂብላ ትሰግዳለች። በብዙ ቤት ግን ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ኢቃማዋ በእሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቋንቋውም አለባበሱም፣ ሃይማኖቱም ጭምር አላስጣላትም። ለጀርመኑ ሐኪም የተቆጣ ብዕራችን ለእሷ ሲሆን ለምን ይደርቃል? የሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች አገር ስለሆነ ዝም እንበል የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙን ስጡት የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት የወጣው ከዚያው አገር ነው።

ወደ ቤታችንም እንመለስ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባረው መጡ፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው መጥተዋል። ከእነሱ ጋር እዚያው የተወለዱ፣ አማርኛ የማይችሉ ልጆች ነበሩ። እነዚህን ልጆች በየሰፈራችን እንዴት ተቀበልናቸው? በአነጋገራቸው ያልሳቀ ማን ነው?

ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ምድር ከስደተኞች የተወለደች ሕፃን ነበረች፤ ከቤተሰቧ ጋር ወደ መዲና መጣች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያማረ ልብስ በገዛ እጃቸው አለበሷትና በዐረብኛ ሳይሆን በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ውብ ነው ማለታቸው ነው። ግዕዝ የሚያውቅ «ሠናይ»ን ልብ ይበል። ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመንም (ረ.ዐ.) አንደበታቸው አልፈታ ብሎ ሰላምታውን ያዛቡ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ሰላም» ብቻ እንዲሉ እንደፈቀዱላቸው የሲራ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ።

የመድረሳ ኡስታዞቻችን አማርኛ የማይችለውን የ10 ዓመት ልጅ ከ5 ዓመት ሕፃናት ጋር ከሚያስቀምጡት፣ ዐረብኛው ከእኩዮቹ ሁሉ የተሻለ ስለሆነ ንባብ ያስተምርላቸው፤ እነሱም አማርኛውን ያስተምሩት። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ከስደት የተመለሱ እናቶች በየትኛው ቀበሌ እንዳሉ ከጁሙዓ በኋላ ጠይቀው ይመዝግቡ።