ከደረስን በኋላ

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ ነው። አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። ገና «ሃሎ» ከማለቴ፣

«ጋሼ፣ ደረስን!» የሚል ጩኸት ጆሮዬን ሊበጥሰው።

«ማን ልበል? የት ነው የደረሳችሁት?»

«ባንጁል! ጋምቢያ!»

ድምፁን ለየሁት። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የግጥም ክፍለ ጊዜ ሲሆን የኋላ ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚያንቀላፋ፣ ፈተና ሲደርስ ግን የማይታማ ልጅ ነበር። ኑሮው እንግሊዝ አገር ነው። ከአንድ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባው ጋር አሮጌ መኪና ገዝተው፣ ከእንግሊዝ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ጫፍ ድረስ እየነዱ መሄዳቸውን ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ቀልድ መስሎኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ብዬ ረስቼዋለሁ። ለካ የምሩን ኖሯል!

እስቲ ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ፓሪስ–ዳካር የሚባለውን የመኪና ውድድር ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ የተጀመረ፣ ሰሐራን እያቋረጠ አቧራውን የሚያቦንን፣ ገንዘብ እንደ ውሃ የሚፈስበት ውድድር ነው። ኋላ በሞሪታኒያ የጸጥታ ስጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ተሰረዘና ውድድሩ ከነስሙ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደደ። ዳካር የሌለችበት «ዳካር» ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ታዲያ አንድ እንግሊዛዊ የአክሲዮን ደላላ በዚህ ትልቅ ውድድር ላይ ማሾፍ አማረው። «እነሱ በውድ መኪና ከሄዱ፣ እኛ ደግሞ በቁራሌው እንሂድ!» አለ። ከፕሊማውዝ ከተማ ተነስቶ ባንጁል የሚያልቅ ጉዞ አዘጋጀ። ደንቡ ግማሹ ቀልድ ነበር። መኪናው ከ100 ፓውንድ በላይ ማውጣት አልነበረበትም፤ ለማሰናጃው ደግሞ 15 ፓውንድ ይበቃ ነበር። ጋምቢያ እንደ እኛው በቀኝ መስመር ስለሚነዳ መሪው በግራ በኩል መሆን ነበረበት። ሽልማት የለም። ከኋላ የሚከተል መካኒክ የለም። የደረሰ ይደርሳል፣ የቀረ ይቀራል። ቁምነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። ባንጁል የገቡት መኪኖች በጨረታ ይሸጡና ገንዘቡ ለአገሬው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሰጥ ነበር።

ተማሪዬና ባልደረባው ከሦስት ሳምንት በላይ ነድተዋል። ከስፔን ጫፍ በመርከብ ሞሮኮ፣ ከሞሮኮ ምዕራብ ሰሐራ። ያን ጊዜ በሞሮኮና በሞሪታኒያ ኬላዎች መካከል የማንም ያልሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር መሬት ነበረ። አስፋልት የለው፣ ምልክት የለው። ከዱካው ወጣ ካሉ ፈንጂ አለ፤ ግራና ቀኙ የመኪና ሬሳ ነው። ያንን አልፈው ሞሪታኒያ፣ ከሞሪታኒያ ሴኔጋል። ሴኔጋል ያረጀ መኪና እንዳይገባባት የዕድሜ ገደብ ስለነበራት በአጀብ አለፉ። በመጨረሻም ከባራ ተነስቶ የጋምቢያን ወንዝ በሚሻገረው ጀልባ ባንጁል ገቡ። በኋላ የላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱም መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይታያሉ። ማርሚታው በሽቦ ታስሯል።

«መኪናዋንስ?» አልኩት።

«ተሸጠች! ከገዛንበት እጅግ በሚበልጥ ዋጋ! ግን ጋሼ፣ የገዛት ሰውዬ አናደደኝ። ያን ሁሉ ምድር አቋርጠን በነፃ ያመጣንላቸውን መኪና፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ሥሯ ተኝቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሲመረምር! በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ዘይት ታንጠባጥባለች!›»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ ቶሎ ደረቀ። «በነፃ ያመጣንላቸው» የምትለዋ ቃል እንደ ሥጋ ጥርሴ መሃል ገብታ አልወጣ አለችኝ።

ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። «ይኼ ምጽዋት ነው ወይስ ሽርሽር?» ይባላል። ለቤንዚን፣ ለመርከብ፣ ለቪዛ ያወጡትን ገንዘብ ዝም ብለው ቢልኩትስ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። አይልኩትማ! ሰው እንዲህ ነው። ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ፣ ደስ ስላለህ ያደረግኸው በጎ ነገር እውነተኛ የሞራል ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው ግዴታህ ስለሆነ ያደረግኸው ነው ባይ ነው። አርስቶትል ግን ከእሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ፣ በጎ ሥራ ሲሠራ ደስ የማይለው ሰው ገና በጎ ሰው አልሆነም ብሎ ነበር። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ እኔ ከአርስቶትል ጎን እቆማለሁ። ፊቱን አኮሳትሮ ከሚመጸውተኝ ይልቅ እየዘፈነ የሚመጸውተኝ ይሻለኛል። ስለዚህ የተማሪዬ ደስታ አልከነከነኝም።

የከነከነኝ ሂሳቡ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠረው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ የገባው ብር ከማን ኪስ ወጣ? ኮፈኑን ከከፈተው ሰውዬ ኪስ! ተማሪዬ መኪና አመጣ፤ ገንዘቡን የሰጠው ጋምቢያዊው ነው። ምናልባት ባለታክሲ ነው፤ ምናልባትም ከዘመድ ተበድሮ፣ ስንት ዓመት አጠራቅሞ ይሆናል። ፎቶግራፉ ላይ የለም። ጣሪያ ላይ አልወጣም። «ደረስን!» ብሎ ለማንም አልደወለም። «ዘይት ታንጠባጥባለች» ማለቱ እንደ ምስጋና ቢስነት ተቆጠረበት እንጂ!

እኔ ግን ሰውዬውን ወደድኩት። ሥሯ ተኝቶ የመረመረው ተረጂ ስላልሆነ ነው። ገዢ ነው። ተረጂ የሰጡትን ይዞ አንገቱን ይደፋል፤ ገዢ ግን ይጠይቃል፣ ያገላብጣል፣ «ይኼ አይሆነኝም» ይላል። የጨረታው ትልቁ ጸጋ ለእኔ ይህ ነው። ለአገሬው ሰው እምቢ የማለት መብት ሰጠው።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለስለት የገባ ጃንጥላ ወይም ሙክት ለጨረታ ሲቀርብ አይታችኋል። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ከዋጋው በላይ ጨምሮ ይገዛል፤ አንዳንዱ ገዝቶም መልሶ ይሰጠውና እንደገና ይሸጣል። እዚያ «ሰጪው ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ይስቅባችኋል። ሁሉም ሰጥቷላ! ባንጁልም የሆነው ይኸው ነበር። ልዩነቱ፣ እዚያ ከሰጪዎቹ የአንደኛው ስም ብቻ ነው የተነገረው።

በሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔም የራሴን ባንጁል ላውራችሁ።

በ1996 ዓ.ም. አራት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆነን፣ ከደሴ ወዲያ ወዳለው የልጅነት ትምህርት ቤቴ መጻሕፍት ልንሰጥ ሄድን። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን፣ መጻሕፍቱን በካርቶን ጭነን። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ፣ ጣርማ በር ላይ ፎቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጉዞ በዕድሜዬ አላስታውስም። ስንደርስ ተማሪዎቹ በሰልፍ ቆመው እያጨበጨቡ ተቀበሉን። እኔ ንግግር አደረግሁ፤ ስለ ንባብ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው የበግ ወጥ፣ ጠላ፣ ቡና አቀረቡልን። «ደረስን» የሚባለው ስሜት ያኔ ነበር የተሰማኝ። አንድ ነገር የፈጸምኩ፣ ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ተመለስኩ።

ከስምንት ዓመት በኋላ የዚያ ትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው አዲስ አበባ አገኘኝና ቡና ጋበዘኝ። ጨዋታ ጨዋታን አንስቶት ያን ቀን አነሳነው። ለካ ልጆቹ በሰልፍ የቆሙት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው! እኛ የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ሁለተኛውን ቢራ ስናዝዝ እነሱ ፀሐይ ላይ ነበሩ። በጉስ? በጉ የተገዛው መምህራኑ ከደሞዛቸው አዋጥተው ነው። መጻሕፍቱስ? ግማሾቹ የእንግሊዝኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነበሩ፤ እኔ ሳስተምርባቸው ኖሬ የሰለቹኝ። ካርቶናቸው አልተፈታም።

«ታዲያ ምን ነበር የሚያስፈልጋችሁ?» አልኩት እያፈርኩ።

«ወንበር» አለኝ። «ግን አልጠየቃችሁንማ!»

ያን ቀን የበላሁት በግ ከስምንት ዓመት በኋላ ሆዴን ቆረጠኝ።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ተነስቼ «አትስጡ» ልል አይደለም። «ወደ ሩቅ አትሂዱ» ልልም አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው። ሩቅ ተጉዞ ለመስጠት የሄደ ሰው፣ መድረሻው ላይ ከሰጠው ይልቅ በመንገዱ ላይና በመድረሻው የተሰጠውን መቁጠር ይከብደዋል። የእኛ ነገር በካርቶን ስለተጫነ ይታያል። የእነሱ ስጦታ ግን በእንግድነት ወግ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚመጣው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይረሳል። ሰጪ ሆነን የሄድነው ተቀባይ ሆነን እንደተመለስን ሳናውቅ እንቀራለን። ጥፋቱ መስጠታችን አይደለም፤ ጥፋቱ ሂሳቡን በአንድ በኩል ብቻ መጻፋችን ነው።

መንገዱም ቢሆን ባለቤት አለው። ያ ስልክ በተደወለበት በዚያው ጥር ወር ትልቁ የዳካር ውድድር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጊኒ ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ በተወዳዳሪ መኪና ተገጭቶ ሞተ። በማግስቱ ሴኔጋል ውስጥ ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ ከውድድሩ ጋር በሚጓዝ መኪና ተገጭቶ ሞተ። ይህ የእነ ተማሪዬ ጉዞ አልነበረም፤ እነሱ የሄዱት በዝግታ ነው። ነገር ግን ለመንገደኛው «ሁለት ቀን ቀረኝ» የሚባለው አስፋልት፣ ለእነዚያ ልጆች የሰፈራቸው መንገድ ነበር። አንዱ የሚያቋርጠው ምድር ለሌላው ቤቱ ነው። ይህን የረሳ መንገደኛ፣ ለበጎም ይምጣ ለውድድር፣ የደረሰበትን አገር አላየውም።

ተማሪዬ በቅርቡ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ፀጉሩ ገብቷል፤ ልጆች አሉት። ስለዚያ ጉዞ ጠየቅሁት፤ ጣሪያ ላይ ስለወጡበት ቀን ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ስለ ሞሪታኒያ አወራኝ። ኑዋክሾት ሳይደርሱ ፍሪሲዮኑ አልቆ በረሃ ላይ ቆሙ። አንድ ቋንቋቸውን የማያውቅ ሰው በአሮጌ መኪና ጎትቶ ቤቱ ወሰዳቸው። ቀኑን ሙሉ ሥሯ ተኝቶ ዋለ። ማታ ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ አበላቸው፤ ሻዩን እንደ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ጊዜ ቀዳላቸው። ጠዋት ሲሄዱ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ። ለድካሙ ብለው ያወጡትን ገንዘብ መልሶ በመስኮቱ ወረወረላቸው።

«ጋሼ» አለኝ ተማሪዬ፣ «ያ ሰውዬ ባይኖር ባንጁል የሚባል ነገር አልነበረም። ለበጎ አድራጎት ብለን ወጥተን በጎ አድራጎቱን እሱ ላይ አየነው። ስሙን እንኳን በደንብ አልያዝኩትም።»

«ዘይት ታንጠባጥባለች ያለህስ?» አልኩት።

ሳቀ። «እውነቱን ነበር እኮ! ታንጠባጥብ ነበር።»

እሱን ከሸኘሁ በኋላ ያን መምህር ፈልጌ ደወልኩለት። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሰላምታ ስንለዋወጥ ቆየንና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ያን ጊዜ ለበጉ ስንት ስንት ነበር ያዋጣችሁት?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ በስልኩ ውስጥ ተንከተከተ።

«ኧረ ጋሼ! እሱም ይቆጠራል እንዴ?»

ይቆጠራል። እኔ ነኝ ሳልቆጥረው የኖርኩት። «ለማንኛውም» አልኩት፣ «ወንበሩስ ነገር እንዴት ሆነ?»

«መጥተው ይዩት» አለኝ።

ልሄድ ነው። በዚህኛው ጉዞ ካርቶን አልጭንም። የምንደርስበትን ሰዓትም አልናገርም፤ ልጆች ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ።

ቸር ይግጠመን።