ማባበል

«ኢንታይስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ወደ አማርኛ ለመመለስ የፈለገ ሰው ቃል አያጣም፤ ማማለል፣ ማጓጓት፣ መደለል፣ መሸንገል። እኔን የሚይዘኝ ግን ማባበል ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ትንታግ ነው። አማላዩ እሳት ጫሪ ነው ማለት ነው፤ ያልነበረ ፍላጎት ይለኩሳል። እዚህ ስቶክሆልም የምሰማው የስዊድንኛው «ሎካ» ደግሞ ጥሪ ነው። የዳላርና ሴቶች በበጋ ግጦሽ ላሞቻቸውን ከጫካ በቀጭን ድምፅ ሲጠሩ፣ ሱቅ ገዢን በቅናሽ ሲስብ፣ ክፉ ሰው ልጅን በከረሜላ ሲወስድ፣ ግሱ ያው ነው። ላሟ የምትመጣው ድምፁን ስለምታምነው ነው።

አማርኛ ከሁለቱም ይለያል። እናት የሚያለቅስ ልጇን ታባብላለች፤ ደላላም ወጣቱን ያባብላል። (የቤት ደላሎች ይቅር ይበሉኝ።) ከማባበል በፊት ልቅሶ አለ። አባባዩ እሳት አልጫረም፤ የሚያለቅስ ሰው አገኘ እንጂ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ከወሎ ተነሥተው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ስለሚሄዱ ወጣቶች ሲወራ «በደላላ ተታለው» ማለት ለምደናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማታለል ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ካለ የተጎጂው ፈቃድ ከቁጥር አይገባም ይላል። ለሕግ ትክክል ነው፤ ወንጀለኛው «እሺ ብሎኝ ነው» ብሎ እንዳያመልጥ። ለእኛ ግን አይበቃም። «ተታለለ» ስንል ልጁን ሞኝ እናደርገዋለን። ባሕሩ ሰው እንደሚበላ ከእኛ በላይ ያውቃል፤ ከመንደሩ ሄዶ ያልተመለሰ አለ። የመሬቱን ጥበት፣ በዲግሪ ቤት መቀመጡንም ሳንጠይቅ ደላላውን ረግመን እንገላገላለን።

ደላላውን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። እንዲያውም ከእሳት ጫሪው የከፋ ይመስለኛል፤ የእናት ድምፅ ተውሶ ነውና የሚመጣው። ብዙ ጊዜም የሰፈር ልጅ ወይም ዘመድ ነው። የስደትን አስከፊነት የሚናገሩት ማስታወቂያዎች የማይሰሙትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ውሃ ይዘው የሚሮጡት ወደሌለ እሳት ነው። የሚያለቅስን ልጅ በማስፈራራት ዝም ማሰኘት ይቻል ይሆናል፤ ማባበል ግን አይባልም።

እኛ ውጭ ያለነውስ? በረዶ ላይ ቆመን የምንልከው ፎቶ አንድም ቃል ሳይናገር ያባብላል። ወልድያ ያለው የአክስቴ ልጅ ተመርቆ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። «እቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልውጣ ወይስ ልተው?» ብሎ በቴሌግራም ጻፈልኝ። የቤት ኪራዩን፣ ብቸኝነቱን፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንደምትጠልቅና ከዚያ በኋላ ጨለማ እንደሆነ ዘርዝሬ ጻፍኩለት።

«መብራት እዚህም የለም እኮ» አለኝ።