የሉሉ ጥፋት

ፉሪ ላይ ውሻ ሥራ አለው። ከተማው ወደ ተራራው ግርጌ እየተጠጋ የትናንቱን እርሻ መንደር ሲያደርገውም የውሻው ሥራ አልተለወጠም፤ ሌሊት ጅብ ያባርራል፣ በር ይጠብቃል። አጥር ጥሶ የጎረቤት በግ የነከሰ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌ የሚጠራው ጌታውን ነው። እንስሳው አያውቅም፤ የሚያውቀው ይክፈል። ይህንኑ የመንደር ዳኝነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው አንቀጽ አጽንቶታል፤ እንስሳው ድንገት ከቁጥጥር ቢያመልጥ፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ሕጉን ያወጁት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱም ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ሉሉ በቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት መካከል ከጌታው ጭን ወርዶ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና ነበር። እግሩ የረጠበው መኮንን ንቅንቅ ማለት አይገባውም። እየዞረ ጫማ የሚጠርግ፣ የሳቲን ጨርቅ የያዘ አገልጋይ ነበር፤ ለ10 ዓመት ሥራው ይኸው ብቻ። ተራኪው የተጠቀሰው በአንድ ፊደል ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠኑት አሜሪካዊው ሃሮልድ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ መጽሐፉን እንደ ታሪክ መቀበል ስሕተት መሆኑን ተከራክረዋል። ውሻው እውነት ነው፤ ጨርቁ ያከራክራል።

ታዲያ ታሪኩ ስለ ምን እንዲህ በቀላሉ ታመነ? የፉሪው ገበሬ በጉ ሲነከስበት ይጮሃል፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን ተበዳዩ ዝም ይላል። ከሳሽ የሌለው አንቀጽ ምንም ያህል ቢጠብቅ ከመጽሐፉ አይወጣም። ጌታው ኃላፊ የሚሆነው አንድ ሰው «ጫማዬ ረጠበ» ብሎ አፉን ሲከፍት ነው። በቢሮ ስብሰባ ላይ እግሩን ሳያነቃንቅ የቆመ ሁሉ ይህን ትረካ ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ጨርቅ ያዡን መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን እርሱ እንጀራው ነው። ጉልትና ማዕረግ ያለው፣ ቢናገር የማይራበው መኮንን ዝምታ ከዚህ እጅግ ይከፋል። ሆኖም ጨርቁም ንጹሕ አይደለም፤ ጫማው በቶሎ ስለሚደርቅ የሚቀጥለው ዝምታ ይቀልላል። (የሳቲኑን ቀለም የሚመርጥ ገጣሚም አይጠፋም።)

ውሻ ሌላ ጊዜም ለምስክርነት ተጠርቷል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ በቴሌቪዥን የብሪታንያዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሀብ ፊልም አሳየ፤ በየመካከሉም የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታይበት ምስል ተሰካ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከምስሎቹ አንዱም ሐሰት አልነበረም። የሐሰት ጥርጣሬ የሚነሣው በስፌቱ ላይ ነው፤ የወሎ ሕፃን የተራበው ውሻው ስለ በላ አልነበረምና። ዝናም ጠፍቶ፣ ገባሩ ጎተራውን አራግፎ፣ ሪፖርቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሻገር እየለዘበ ሄዶ ነው። የለዘበ ሪፖርት ግን ፊልም አይነሣም፤ ሥጋ የሚጎርስ ውሻ ይነሣል። እንደ ክስ ስፌቱ የሚገባ ነበር፤ እንደ ማስረጃ ግን የረሀቡን መንሥኤ ከቢሮዎቹ አውጥቶ በአንድ ሽማግሌ እጅ ላይ አኖረው፤ ዝም ያሉት መኳንንትና ሹማምንት ከሥዕሉ ወጡ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ በዓል በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር ወሎና ትግራይ እንደ ገና ተርበው ነበር። በዚያ ሰሞን በቴሌቪዥን የታየ ውሻ የለም። በአደባባዩ ላይ ጫማቸው የረጠበ ብዙ ነበሩ፤ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።