የታየውና የተገመተው

ያላየውን አየሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐሰተኛ መባሉ ለማንም ግልጥ ነው። ነገር ግን ያየውን በቅን አይቶ፥ ካየው ተነሥቶ የተሳሳተ ነገር የገመተ ሰው ምን ይባላል? ከሐሰተኛው ጋራ ይቈጠራልን? ይህን ለመመርመር የአንድ እንግሊዛዊ የገጠር ቄስ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ጊልበርት ኋይት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1720 ዓ.ም. ሴልቦርን በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያው እየኖረ፥ በአካባቢው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት እያገለገለ፥ ከ1768 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1793 ዓ.ም. ድረስ የዕለት መዝገብ ያዘ። ዝናሙንና ነፋሱን፥ የትኛው አበባ በየትኛው ቀን እንደ ፈነዳ፥ የትኛው ወፍ መቼ እንደ መጣ ጻፈ። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፍለው፥ አዛዥም ሆኖ የሚቈጣጠረው አልነበረም። በዐይን ሲያዩዋቸው አንድ የሚመስሉ ሦስት ዐይነት ትንንሽ ወፎችን፥ መሪጌታ ዐይኑን ጨፍኖ የደቀ መዛሙርቱን ድምፅ እንደሚለይ፥ በዜማቸው ለያቸው።

አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አስጨነቀው። ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው፥ ከጣራ ሥር በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራው ጨረባ የብርዱ ወራት ሲገባ ወዴት ትሄዳለች? ነቢዩ ኤርምያስ የመምጫዋን ጊዜ እንደምታውቅ ተናግሮላታል፤ የምትሄድበትን ስፍራ ግን አልነገረም። ከሊቃውንቱ እኩሌቶቹ ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች ሲሉ፥ እኩሌቶቹ በዋሻና በውሃ ሥር ተሸሽጋ ትተኛለች ይሉ ነበር። የኋይት ወንድም በጂብራልታር የጦር ሰፈር ቄስ ነበረና ወፎቹ ጠባቡን ባሕር ሲሻገሩ አይቶ ጻፈለት። ኋይትም ይህን ተቀበለ። ነገር ግን እርሱ ራሱ በኖቬምበር ብርድ፥ ሄደዋል ከተባለ በኋላ፥ የጨረባ ወገን የሆኑ ወፎች በመንደሩ ዳር ድንገት ሲበሩ አይቷልና፥ ጥቂቶቹስ ከዚሁ ሳይተኙ አይቀሩም ብሎ ገመተ። ሰዎች ቀጥሮ በኰረብታው ያለውን ቍጥቋጦ አስፈተሸ። አንዲት የተኛች ወፍ አልተገኘችም።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። አገኘሁ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ማን ይመረምረው ነበር? መንደሩ ከዋናው ከተማ የራቀ፥ ጸሓፊውም የታመነ ካህን ነው። ደብዳቤውን ከሚቀበሉት አንዱ፥ ዴንስ ባሪንግተን የተባለው የሕግ ዐዋቂ፥ ወፎች ባሕር አይሻገሩም ባይ ነበርና እንዲህ ያለውን ወሬ በደስታ በያዘው ነበር። ኋይት ግን ያየውን አየሁ፥ የገመተውን ገመትሁ፥ ያላገኘውን አላገኘሁም እያለ ጻፈ፤ በ1789 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉም ሦስቱ ሳይደባለቁ ይገኛሉ።

ስሕተቱን በመጽሐፍ ስላኖረ ሌላውን አሳስቷል የሚል ይኖር ይሆናል። ክሱ ከንቱ አይደለም፤ የታመነ ሰው ግምት ከማይታመን ሰው ሐሰት ይልቅ ሩቅ ይሄዳልና። ዳሩ ግን ግምትነቱ የተጻፈበት ግምት ለሚመጣው መርማሪ በሩን ክፍት ይተውለታል፤ በምስክርነት ስም የተጻፈው ነው በሩን የሚዘጋው። በቅኔ ቤትስ ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የሚሟገት ተማሪ፥ አላወቅሁም ከሚለው ይልቅ መምህሩን ያደክም የለምን?

በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ ጠበቃ በቤቱ ጎጆ በሠራች ጨረባ እግር ላይ ቍጥር የተጻፈበት ትንሽ ቀለበት አሰረ። በ1912 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ያችው ወፍ ከነቀለበቷ በደቡብ አፍሪቃ፥ በናታል፥ ተገኘች። ኋይት ከሞተ 119 ዓመት ሆኖት ነበር።