ድል መንሣትና መወጣት

«ችግርን ድል ነሣን» እና «ችግርን ተወጣን» የሚሉት አባባሎች አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይታያል። የእንግሊዝኛው «ኦቨርካም» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ተርጓሚው ልዩነታቸውን ይዘነጋል። ድል የሚነሣው ግን ጠላት ነው፤ ተመትቶ የሚሸሽ ወይም እጁን የሚሰጥ። በ1970ዎቹ ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ስለ ማዋል በሰፊው ይፎከር ነበር፤ የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ፉከራውን አልሰማም።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጥሊሊ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የአዊ ደጋ ሁሉ፣ ገበሬውን የሚፈትነው የአፈር አሲዳምነት ነው። ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ስለሚወስድ ሰብሉ ይቀጭጫል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ይሁንና ኖራ አፈሩን ለጥቂት ዓመታት ያክመዋል እንጂ ዝናቡን አያስቀረውም፤ ደግሞ መጨመር ግድ ይሆናል። ይህን «ድል ነሣነው» ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው (ሪፖርት ደግሞ ድል ይወዳል) የሚቀጥለውን ኩንታል ኖራ ከዕቅድ ያስወጣል፤ ጉዳቱ የሰዋስው ብቻ አይሆንም።

«መወጣት» ይህን ሐሰት አይሸከምም። ግዴታን ተወጣ፣ ኃላፊነትን ተወጣ ይባላልና፤ የዘንድሮውን ግዴታ የተወጣ ሰው የከርሞው ይጠብቀዋል። የጥሊሊው ገበሬም ከዘር በፊት ኖራውን ከአፈሩ ጋር ሲያዋሕድ ችግሩን ለጥቂት መኸር ተወጣው ቢባል ትክክል ነው።